ስለ ሦስተኛ ምርጫችሁ ማን ይምከራችሁ? ለአንድ የፊልድ ምርጫ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ልጆች ምን ይማሩ የሚሉ ጽሑፎች ከየአቅጣጫው ብቅ ይላሉ። ሰሞኑንም አንዱ በየቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔም ከአክስቴም፣ ከጎረቤቴም፣ ከድሮ ተማሪዬም ደርሶኛል። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የምትወዱትን ብቻ ተማሩ፣ ማንንም አትስሙ። ዲግሪ ጊዜው አልፎበታል፣ የሦስት ወር የኮዲንግ ኮርስ ይበቃል። ዲግሪ የግድ ካላችሁ ጤና ግቡ፣ እንጀራው አስተማማኝ ነው። ሶሻል የገባ ሥራ አያገኝም። የግል ኮሌጅ ወረቀት ሻጭ ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ጥራት አለው፣ ነፃም ነው። ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው መጠጊያ ነው።

ገና ሲነበብ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ያስታውቃል። የምትወዱትን ተማሩ ያሉት ጸሐፊ ብዙም ሳይርቁ ሶሻል አትግቡ ይላሉ። ታሪክ የሚወድ ልጅ ታዲያ ምን ይሁን? ጽሑፉ መልስ የለውም። ያም ሆኖ በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስለኛል። ብዙ ወላጅም አምኖበት ለልጁ እያስተላለፈው ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ግን ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ። ጸሐፊው ተማሪውን የሳሉት ሱቅ ገብቶ ደስ ያለውን አንስቶ እንደሚወጣ ደንበኛ ነው። የኛ አገር ተማሪ ግን እንዲህ አይመርጥም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። የቀረው ወይ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባል፣ ወይ ቴክኒክና ሙያ፣ ወይ የግል ኮሌጅ፣ ወይ ደግሞ ድጋሚ ይፈተናል። ያለፈውም ቢሆን ዩኒቨርሲቲውን በአብዛኛው የሚመድብለት ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ግቢ ከገባ በኋላ ፍሬሽማን ይማራል። ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በውጤቱና በኮታው ልክ ነው። ሕክምናና ሶፍትዌር በጥቂት ሰዎች ይሞላሉ። ሌላው ወደሚቀጥለው ምርጫው ይወርዳል።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። የዲፓርትመንት ምደባ ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ። ቅጾቹን ብታዩ ይገርማችኋል። ወረቀቱ ላይ የትምህርት ክፍሎቹ ስም ተደርድሯል፣ ተማሪው ከጎኑ ቁጥር ይሞላል። 1 እና 2 ላይ ተሰርዞ ተደልዟል። እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ታስቦበታል። ከ4 በኋላ ያለው ግን ከላይ ወደ ታች 4፣ 5፣ 6፣ 7 እየተባለ ዝም ብሎ የወረደ ነው። ዝርዝሩ ቦርድ ላይ የተለጠፈ ዕለት አንዲት ልጅ ስሟን በጣቷ ተከትላ ዲፓርትመንቷን ስታይ፣ «መምህር፣ ይሄን እኔ አልሞላሁም» አለችኝ። ቅጹን አወጣንላት። አምስተኛ ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ ሞልታዋለች። ትምህርት ክፍሉ ምን እንደሚያስተምር ግን አንድም ሰው ጠይቃ አታውቅም። ለምን ትጠይቅ? የመከሯት ሁሉ ስለ አንደኛ ምርጫዋ ነበር የመከሯት።

የኔ ቅሬታ ይሄው ነው። አብዛኛው ልጅ የሚማረው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ስድስተኛ ምርጫውን ነው። ምክሩ ሁሉ ግን ስለ አንደኛው ነው። አሁን ወደ ነጥቦቹ።

የምትወዱትን ተማሩ ለሚለው። ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ግን ባዶ ነው። የ18 ዓመት ልጅ የሚወደውን የሚያውቀው ከምን አይቶ ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የላብራቶሪው በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ የሚታወቅ አይመስልም። ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ የተማረ ልጅ ኬሚስትሪ እወዳለሁ ሲል መምህሩን እወዳለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ባዮሎጂ የምትወድ ልጅም የሌሊት ተረኛ ሆና ድንገተኛ ክፍል መቆምን ትወዳለች ማለት አይደለም። የትምህርት ዓይነቱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ ነው።

ስለዚህ ወደደ አልወደደ ከማለታችሁ በፊት ልጁ ሥራውን ይየው። ብዙ ወጪ የለውም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሕግ መማር ካማረው አንድ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ ችሎት ይከታተል። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፊልም ላይ እንዳየው ጠበቃው እየተንጎራደደ ሲናገር አያገኝም። ቀጠሮ ሲሰጥ፣ መዝገብ አልቀረበም ሲባል፣ ሰው ፋይል አቅፎ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ያያል። ይሄን አይቶ አሁንም ሕግ ካለ፣ እሰየው። አካውንቲንግ ካለ በሰኔ መጨረሻ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ገብቶ ይይ፤ ደረሰኝ ተቆልሎ፣ ሰዎቹም ቤታቸው ሳይገቡ ሲያመሹ ያገኛቸዋል። መምህርነት ላይ ከተመደበ ደግሞ አስተማሪውን ቡና ይጋብዘውና ደመወዙን ይጠይቀው። እንዲህ ያለው ጉብኝት ከአንደኛ ምርጫ ይልቅ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ይጠቅማል። አንደኛውን ቢያንስ ሰው ስለሱ ሲያወራ ሰምቷል።

ዲግሪ ጊዜው አልፎበታል ለሚለው። ይሄን ነጥብ በደንብ ላየው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ወጣቶች ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል። ጸሐፊው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ጠቅሰዋል። ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በ2016 መጨረሻ የተጀመረው ማለት ነው። ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ በነፃ ነው፣ ልጆች ይውሰዱት። እኔም ለእህቴ ልጆች ነግሬያለሁ። ግን ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ አራት ኪሎ ሂዱ። ጋዜጣ አዟሪዎቹ ጋ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡ ወጣቶች ታገኛላችሁ። ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ስልክ ቁጥር ይገለብጣሉ። ከትከሻቸው በላይ አንገታችሁን አስግጋችሁ አንብቡ። ተፈላጊ ችሎታ ከሚለው ቀጥሎ ምን ይላል? የመጀመሪያ ዲግሪ። ከዚያ የሥራ ልምድ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ለሥራ መደቡ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። ባንክ ዲግሪ ይጠይቃል፤ አልፎ ተርፎም ከዚህ ነጥብ በታች አትመዝገቡ ይላል። ውጭ አገር ማስተርስ መማር ቢፈልግም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዲግሪ ነው።

ይሄ ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። ዲግሪ ይዞ ኢሜይል መጻፍ የማይችል ሰው አስተምሬአለሁ፣ ያለ ዲግሪ ግሩም ዌብሳይት የሚሠራም አውቃለሁ። ግን ጸሐፊው እየመከሩ ያሉት ያለውን ገበያ ሳይሆን የሚመኙትን ነው። ሌላው ቀርቶ ኮዱን የተማረው ልጅ ከውጭ ሥራ አገኘ እንበል። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ክፍያውን እዚህ መቀበል ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የሚሳካላቸው አሉ፣ ብዙዎቹ ግን ጎን ለጎን ዲግሪ ይማሩ የነበሩ ናቸው። አጭር ኮርስ ሦስተኛ ምርጫህ ላይ የምትደርበው ነገር ነው። ስታትስቲክስ የደረሰው ልጅ ፓይተን የተባለውን የኮዲንግ ቋንቋ ቢጨምርበት፣ ጂኦግራፊ የደረሰው ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራት) ቢጨምርበት፣ ያኔ እውነትም የሚጠራ ሙያ ይሆናል።

ጤና ግቡ፣ እንጀራው አስተማማኝ ነው ለሚለው። ድሮ ነበር። ያኔ ሐኪም ሲመረቅ ጤና ሚኒስቴር ዕጣ አውጥቶ ይመድበዋል፤ ጭንቀቱ የት ይደርሰኝ ይሆን የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዙ፣ ተመራቂው በዛ፣ የመንግሥት ቅጥር በጀት ግን አብሮ አላደገም። ዛሬ ነጭ ጋዋን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሐኪም አለ። አገሪቱ ሐኪም ስለበዛባት አይደለም፤ ታማሚው ወረፋ ላይ ነው፣ ሐኪሙም ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፣ በመሃል የጠፋው የደመወዙ በጀት ነው። የተቀጠሩትስ? በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም እንደደረሱ አገር ሰምቷል። ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ለመመረቅ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ተፈትኖ፣ የሙያ ፈቃድ አውጥቶ የሚያገኘው ደመወዝ የቤት ኪራዩን ካልሸፈነለት አስተማማኙ እንጀራ የቱ ነው?

ጤና አትግቡ እያልኩ አይደለም። ሰው ማከም የምትፈልጉ ግቡ፣ አገሩ ይፈልጋችኋል። ለእንጀራ ብቻ የምትገቡ ግን ጽሑፉ የሰጣችሁ ተስፋ ውሃ አይቋጥርም። ደግሞ ጤና ማለት ሕክምናና ነርሲንግ ብቻ አይደለም። ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ አንስቴዥያ፣ የአካባቢ ጤና አለ። እነዚህ ቅጹ ላይ ሁሌም ከታች የሚሞሉ ናቸው። ማደንዘዣ ሰጪ ከሌለ ቀዶ ጥገና እንደማይደረግ የሚያውቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ሶሻል የገባ ሥራ የለውም ለሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ይጠቅመናል። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ኢንጂነሪንግ ገቡ፣ አገር ትገነባለች ተባለ። ግንባታው ሲጧጧፍ የሲቪል ኢንጂነር ስልክ ዝም አይልም ነበር። ግንባታው ሲቀዛቀዝ ያው ኢንጂነር ሲቪውን ይዞ ሲዞር አየነው። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ስለሚጠርበው ተመራቂ የሰማነውም በነዚሁ ዓመታት ነው። ተፈጥሮ ሳይንስ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ በር ሲገባ በሩ ይጠባል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ያ ነገር በሶፍትዌር ላይ እየመጣ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሶሻል ውስጥም የተጣበበ አለ፣ አልክድም። ማኔጅመንት የተመረቀው ወጣት ብዛት የሥራውን ብዛት ከሩቁ ጥሎታል። ግን አካውንቲንግን እንይ። ጸሐፊው ሞቷል ካሏቸው አንዱ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ እንዲያቀርቡ ግዴታ መጥቷል። ተቆጣጣሪ ቦርድም ተቋቁሟል። በታኅሣሥ 2017 ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ፤ በጥር ደግሞ አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዴቢት ክሬዲት ብቻ የሚያውቅ አካውንታንት በርግጥ ተጨናንቋል። ሪፖርት አዘጋጅቶ በኦዲተር ፊት የሚከራከር አካውንታንት ግን አሁንም ተፈልጎ አይገኝም። ሁለቱም ከአንድ ዲፓርትመንት ነው የተመረቁት።

ሕግንም ሶሻል ብሎ በጅምላ የጣለ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የመውጫ ፈተና የሚባለው ነገር ለሁሉም ፊልድ የመጣው በ2015 ነው። የሕግ ተማሪዎች ግን ከዚያ ዓመታት ቀድመው ይፈተኑ ነበር፤ በጅምላ የሚጣል ፊልድ አይደለም።

የግል ኮሌጅ ወረቀት ይሸጣል፣ የመንግሥት ጥራት አለው ለሚለው። እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በሐምሌ 2015 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ አለፉ፤ ከግል 17 በመቶ ገደማ ብቻ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች ከሦስቱ አንዱ በላይ ወድቋል ማለት ነው። መንግሥት የሚለው ስም ብቻውን አላሻገራቸውም። በሌላ በኩል ከግል ያለፉት አሉ፤ አማካዩ የተማሩበትን ቤት አይገልጽም።

ስለዚህ ጥያቄው የመንግሥት ነው የግል አይደለም። ይሄ ዲፓርትመንት፣ በዚህ ካምፓስ፣ ባለፈው ፈተና ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ይሄን ጠይቁ። መልስ ለመስጠት የሚያቅማማ ሬጅስትራር ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ። ሙሉ ቀን የሚገኙ መምህራን አሉ ወይስ ሁሉም ከሌላ ቦታ በሰዓት የሚመጡ ናቸው? ላብራቶሪው ውስጥ ተማሪ ሲሠራ በዓይናችሁ አይታችኋል?

ግል የምትገቡ ደግሞ እውቅናውን አጣሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም። ለትምህርት ዓይነቱ፣ ለካምፓሱ፣ ለመደበኛው ወይም ለርቀቱ ለየብቻ ነው። ቦሌ ባለው ካምፓስ እውቅና ያለው ፕሮግራም ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ፈቃድ ቀረብ ብላችሁ አንብቡት፤ የየትኛው ፕሮግራም ነው? ቀኑስ አላለፈም? ከዚያ ከባለሥልጣኑ ራሱ አረጋግጡ። ለሦስት ዓመት ከከፈሉ በኋላ ከማወቅ በአንድ ጠዋት መሄድ ይሻላል።

ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው መጠጊያ ነው ለሚለው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ነጥብ አናዶኛል። እኔ ያለሁበት ሕንፃ ሊፍት ከተበላሸ ሰንብቷል። ባለንብረቱ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ሊፍት የሚያውቀው ባለሙያ በከተማው ሙሉ እየተፈለገ ስለሆነ ነው። ስልኩን ሲያነሳም እንደ ሚኒስትር ነው የሚያናግረን፤ ማክሰኞ ካልሆነ ሐሙስ ይላል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶቼ ማስተርስ አላቸው። ሦስታችንም በእግራችን ነው የምንወጣው።

ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ምሥራቅ የመሳሰሉት ፖሊ ቴክኒኮች ውስጥ የሰለጠኑ ሰዎች አገሪቱን ሲጠግኑ ኖረዋል። ሥልጠናው በደረጃ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ድርጅት ውስጥ የሚሠራበት የትብብር ሥልጠናም አለው። ሁሉም ኮሌጅ እኩል አይደለም፤ ማሽኑ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተቀመጠበትም አለ። እዚህም ሄዶ ማየት ነው።

ጽሑፉ ያልነገራችሁ አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከደረጃ 4 ተነስቶ ወደ ዲግሪ መሻገር ይቻላል። ነገር ግን የብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ ሳያልፉ ዲግሪ የገቡ ብዙ ሰዎች ተመርቀው ከጨረሱ በኋላ ማስረጃችሁ አያገለግልም ተብለዋል። ኮሌጁ ሲመዘግባቸው አላስጠነቀቃቸውም። እነሱም አልጠየቁም። ስለዚህ ደረጃውን ስትጨርሱ ሲኦሲውን ተፈተኑ፣ ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ፤ ከዚያ ነው ወደ ዲግሪ የሚታሰበው። የመግቢያ ደንቡም ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የወቅቱን መመሪያ ከባለሥልጣኑ ጠይቁ።

ማንንም አትስሙ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አባት ልጁን ሐኪም ካልሆንክ ብሎ ማስጨነቁ ልክ አይደለም። ግን ትራንስፖርቱን፣ የኪስ ገንዘቡን፣ የግል ከሆነም ክፍያውን የሚችለው እሱ ነው። እሱን ሳያናግሩ የሚወሰን ውሳኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍያ ሲቋረጥ ይታያል። ተቀምጣችሁ ሙሉ ዝርዝሩን አብራችሁ ሙሉት። ከ1 እስከ መጨረሻ። ታናሽ ወንድም ካለም ይቀመጥ፣ ነገ ተራው ነው።

የቀረው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የሚለው ነው። አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት፣ ኮስት ሼሪንግ፣ አለ። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። የምግብ ዋጋ በጨመረ ቁጥር እዳውም ይጨምራል። ስትመረቁ የሚሰጣችሁ ጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ ነው፤ ኦሪጅናሉ እዳው እስኪከፈል ይያዛል። ውጭ አገር ዕድል ያገኘ ልጅ በመጨረሻው ሳምንት ይሄን ሰምቶ ገንዘብ ሲለምን አይቻለሁ። በየዓመቱ ምዝገባ ላይ በችኮላ የምትፈርሙት ያ ቅጽ እሱ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ድምሩን እዩት፣ ኮፒም አስቀሩ።